ፀጉሯ ያልሸበተ ቆራቢ

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ያኔ ሕፃን ነበሩ» ይለኛል። ማን? ገና ጢሙን በወጉ ያላበቀለ ልጅ! የሰፈራችን ወጣቶች ቤቱ ፈርሶ ሰዉ ከመበተኑ በፊት የአራዳን የድሮ ታሪክ እንሰብስብ ብለው ተነሡ። ጥሩ ነው፣ እሰየው። በየቤቱ ስልካቸውን ደቅነው ሽማግሌ ሲያናግሩ ከረሙና የእናቴን ታሪክ ከማን ቢሰሙ ጥሩ ነው? ከመምህር የማነ። እሱም ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ «አሰፋች የምትባል ጠጅ ሻጭ ነበረች፤ ባሻ ዘገዬ የሚባሉ ደግ ሰው እጇን ይዘው ለንስሐ አበቋት፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመውም መሰከሩላት» ብሎ አስቀዳቸው። ደግ ሰው! እጇን ይዘው!

እኔ የአሰፋች ልጅ፣ እዚያው መንደር ውስጥ፣ ከእነ ዓይኔ ከእነ ምላሴ ተቀምጬ አልተጠየቅሁም። ራሴ ሄጄ ስናገር ነው እንግዲህ ሕፃን ነበሩ የተባልኩት። የማነስ ያኔ ሽማግሌ ነበር? እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እሱ ቢበልጠኝ በአንድ ክረምት ነው። የአባቱን ጋቢ ጨብጦ፣ ንፍጡን ወደ ላይ እየሳበ፣ ከትልልቅ ሰዎች እግር መሐል አንገቱን አስግጎ ሲያይ ትዝ ይለኛል። እሱ ግን ኋላ ተማረና ልጅነቱ ተረሳለት። የእኔ ልጅነት፣ ፊደል ስላልቆጠርኩ፣ እስከ እርጅናዬ ተከተለኝ።

ደግሞስ የዚያን ቀን ምስክር ተብሎ የተጠየቀው ማን ሆነና ነው? ባሻ አይደለም። እኔ ነኝ። አሁንም እመሰክራለሁ። ያኔ እንዳየሁት፣ ያኔ እንደመሰለኝ ነው የምናገረው። የተሳሳትኩበት ቦታ ስንደርስ ደግሞ «እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ» እላለሁ። እንዲህ የሚል መምህር ካለ አምጡልኝ።

ቤታችን ከፒያሳ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲወረድ፣ ከጣሊያን ሱቆች ጀርባ ነበር። ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። የፊት ለፊቱ ክፍል ጠጅ ቤት ነው፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ባንኮኒ ነበረው፣ ጠርዙ በብርሌ ብዛት የተፋቀ። ከኋላ ያለችው ጠባብ ጓዳ የእናቴ መኝታ ናት። እቴቴ ነበር የምላት። ሰዉ አሰፉ ነው የሚላት። ረጅም፣ ጠይም፣ ፀጉሯ ሲፈታ ወገቧ ላይ የሚደርስ ሴት ነበረች። ሰካራም ሲያስቸግራት ክርኑን ይዛ በር ድረስ ትሸኘውና፣ «ነገ አእምሮህን ይዘኸው ና፤ ዛሬ ቤት ረስተኸው ነው የመጣኸው» ትለዋለች። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም ባንኮኒው ሥር ተቀምጬ፣ ምኑ እንደሚያስቅ ባይገባኝም፣ ከሰዉ እኩል እስቃለሁ።

ባሻ ዘገዬ የቤቱ ባለቤት ነው። በፊቱ ሁላችንም አንቱ እንለው ነበር፤ ዛሬ አልለውም። ሲመጣ ከኪሱ ደስታ ከረሜላ ያወጣልኛል። ኮፍያውን ከእናቴ አልጋ በላይ ካለው ምስማር ላይ ይሰቅላል። እሱ በመጣ ቀን እኔ ከአስካለ ጋር፣ ጠጅ ከምትቀዳው ልጅ ጋር፣ ባንኮኒው አጠገብ ካለው መደብ ላይ እተኛለሁ። ባሻ ለእኔ የከረሜላ ሰው ነው። ከዚያ ያለፈ አላውቅም። ከዚያ ያለፈውን ለማወቅ ራሴ ሴት እስክሆን፣ እኔንም ቤት አከራይ በዚያው ዓይን እስኪያየኝ ድረስ ቆየሁ።

የዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው ነገሩ የጀመረው። እቴቴ መኝታዬን ከመደቡ ላይ ጠቅልላ አነሣችና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነሽ» አለችኝ። አልጋዋ ላይ አስተኛችኝ። ባዶው ምስማር ላይም የእኔን ቀሚስ ሰቀለች። በደስታ ልበር ደረስኩ። ከዚያ በኋላ ባሻ ሲመጣ ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ፣ ጠጁን ጠጥቶ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ይወጣል። ከረሜላውም ቀረ። ለምን እንደቀረ አልገባኝም፤ ያስቀየምኩት መስሎኝ ነበር።

የነፍስ አባቷ አባ ወልደገብርኤል ቶሎ ቶሎ ይመጡ ጀመር። ቀጭን፣ ሳል የማይለያቸው ሰው ናቸው። ጠጅ ቤት ሲገቡ አፍንጫቸውን የሚይዙ ዓይነት ቄስ አልነበሩም፤ ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከእናቴ ጋር ያወራሉ። እኔ ሥር ሆኜ ቁርጥራጩን እሰማለሁ።

«ገና ወጣት ነሽ ልጄ። ከዚያ ወዲያ እኮ መመለስ የለም።»

«አባቴ፣ ወደየት ነው የምመለሰው? ወደዚህ?»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷን ብዬ አይደል እንዴ?»

የክረምቱ ዝናብ እየጠነከረ ሄደ፤ ፍልሰታ ገባ። እቴቴ ጠጅ ቤቱን ዘጋች። ሰዉ አልተደነቀም፤ ለፍልሰታ የሚዘጋ ብዙ ነበር፣ ጾሙ ሲፈታ ይከፈታል ብሎ ሄደ። ያን ቀን መቀርቀሪያውን ከወረወረች በኋላ ግንባሯን በሩ ላይ አድርጋ ቆመች። «እመቤቴ፣ እኔ የኔን በር ዘግቻለሁ፤ ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ» ስትል ሰማኋት። ልመና አይመስልም ነበር። ጠላ ጠጥታ ሳትከፍል ከቀረች ጎረቤት ጋር የምትነጋገር ነበር የሚመስለው።

ቀጥሎ ዕቃው መውጣት ጀመረ። ብርሌዎቹ በቅርጫት ሆነው ወጡ። ቀይ ሻሿ ለአስካለ ተሰጠ። ጉትቻዋ፣ ኩሏ፣ ያ ስትራመድ የሚንኳኳው ጫማዋ ሁሉ ከቤት ወጣ። በምትኩ አንድ ነጭ ነጠላ ገዝታ መጣች፤ ጥለት የሌለው፣ ደረቅ ነጭ። ሣጥን ውስጥ አጣጥፋ ስታስቀምጠው አየሁ። እንደዚያ ያለ ነጭ ልብስ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ጎረቤታችን እትዬ ተናኘወርቅ የተገነዙበት ነው።

እዚህ ላይ ለዛሬ ልጆች ልናገር። ያን ጊዜ ማን ነበር የሚቆርበው? እኛ ሕፃናቱ፣ በእናቶቻችን ጀርባ ታዝለን። ደግሞ ሽማግሌና አሮጊት፣ ምርኩዝ ይዘው። ደግሞ የሚሞት ሰው። መሐል ላይ ያለው፣ የሚነግደው፣ የሚያገባና የሚፈታው፣ ውጭ ቆሞ ይሳለማል እንጂ አይቀርብም። እትዬ ተናኘወርቅ ሲታመሙ በቃሬዛ ጊዮርጊስ ተወስደው ቆረቡ፤ ሳምንት ሳይሞላቸው ቀበርናቸው። «እሰይ፣ ቆርበው ሞቱ» እያለ ሰዉ ሲጽናና ሰማሁ። የሰባት ዓመት ጭንቅላቴም የራሱን ትምህርት ቀሰመ። ሕፃን ሲቆርብ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትልቅ ሰው ሲቆርብ ይሄዳል። ፀጉሯ ያልሸበተ ሴት ስትቆርብ ደግሞ ዓይኔ አይቶ አያውቅም።

ስለዚህ አስካለ ጓዟን ሸክፋ ልትሰናበት ስትመጣ፣ እቴቴ እግር ሥር ተደፍታ ስታለቅስ፣ የምትለው ሁሉ ከእኔ ሐሳብ ጋር ገጠመ።

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ? በቁምዎ ራስዎን ሊቀብሩ?»

«ተነሺ እባክሽ። ነጠላሽ ጭቃ ነካ።»

«ይቺ ልጅስ? ማን ሊያበላት ነው?»

«እስካሁን ያበላት።»

«እስካሁንማ ጠጁ ነው ያበላት!»

«ጠጁ እኔንም በላኝ አስካለ። ሂጂ፤ ማርያም ትከተልሽ።»

አስካለ ያለቀሰችው ሥራዋና ማደሪያዋ ስለጠፋባት ነው። ይህን የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ፣ የራሴን ሠራተኛ ባሰናበትኩ ቀን ነው። ያኔ ግን እሬሳ ላይ የምታለቅስ መሰለኝ።

መይሙናም መጣች። ድልድዩ አጠገብ በርበሬና ጨው የምትሸጥ፣ ከእናቴ ጋር እንደ እህት የምትጠራራ ጉራጌ ናት። ተቀመጪ ሳትባል ባዶው ባንኮኒ ላይ ዘንቢሏን አስቀመጠች።

«አንቺ አሰፉ፣ እኛ ጋ ሰው ተጸጽቶ ከቶበተ ቶበተ ነው፤ ያለቀ ነገር ነው። እናንተ ምን አስረዘማችሁት? ይህን ሁሉ ስትጦሚ ከሰል መሰልሽ እኮ።»

«እንደ ከሰል ይንደድ ተይው።»

«እሺ ከነደደ በኋላስ ምን ልትበዪ ነው?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ብሎ መልስ አለ?»

«አለ እንጂ። መይሙና፣ እስከዛሬ የኖርኩት የማውቀውን እየሠራሁ ነው። የማውቀው የት አደረሰኝ? ባሻ ዘገዬ ኮፍያ ሥር። አሁን የማላውቀው ውስጥ እገባለሁ። እሱ ያውቀዋል።» በአገጯ ወደ ጣራው አመለከተች።

መይሙና ዞር ብላ እኔን አየችኝና ምላሷን ጠቅ አደረገች፤ ከዘንቢሏ ጨበጥ አድርጋ ቆሎ ሰጠችኝ። ለወላጅ አልባ ልጅ እንዲህ ይደረጋል። እኔም ተቀበልኩ፣ እየተንሰቀሰቅሁ ቆረጠምኩት።

ለምን አልጠየቅሽም ትሉኝ ይሆናል። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። ከጠየቀ እውነት ይሆናላ!

የቁርባኑ ዋዜማ ቀን ቆርጬ ተነሣሁ። አንድ ነገር አውቃለሁ፤ አፉ ላይ ትንሽ ነገር ያደረሰ ሰው አይቆርብም። ጋኑ አጠገብ በቀረችው ገንቦ ሥር የተጣበቀ ማር ነበር። በጣቴ ፋቅሁና መዳፌ ላይ አድርጌ ወሰድኩላት።

«እቴቴ፣ ቅመሺልኝ።»

«አፌን ለነገ ዘግቻለሁ የሺዬ።»

«ትንሽ፣ በምላስሽ ብቻ።»

«አንቺ ብዪው። ርቦሻል እንዴ?»

እንባዬ ማሩ ላይ ጠብ ጠብ አለ። እሷ ረሃብ መሰላት። ጭንቅላቴን ዳበሰችና፣ «ነገ አንቺም ከእኔ ጋር ትቆርቢያለሽ፤ ከዚያ ዳቦ እገዛልሻለሁ» አለችኝ። ዳቦ! እሷ ሞታ እኔ ዳቦ! እናትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ እሷ የእኔን አላወቀች፣ እኔ የሷን አላወቅሁ።

መሸት ሲል ዝናቡ ወረደ። በሩ ተንኳኳ።

«አሰፉ! ክፈቺ፣ ዝናብ ነው!»

«እሰማለሁ ባሻ። ቆርቆሮው እኔም ላይ ነው የሚጮኸው።» ከአልጋው አልተነሣችም፤ ነጩን ነጠላ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጫፉን ትቋጫለች።

«ነገ ጾሙ ይፈታል። ሰዉ ጠጅ ይላል። ጋንሽ ባዶ ነው አሉኝ፣ እውነት ነው?»

«ባዶ ነው።»

«ታዲያ ነገ ምን ልትሸጪ ነው?»

«ነገ እቆርባለሁ።»

ባሻ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«አንቺ? በዚህ ዕድሜሽ? ልትሞቺ ነው እንዴ?»

ዘልዬ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ አንድ ሰው በግልጽ ተናገረው!

«እርስዎን ምን ቸገረዎ?»

«ቤቱ የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«አልጋውስ?»

«የእኔ። ላቤን አፍስሼ የገዛሁት ነው። ልጄ ተኝታበታለች፣ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ።»

«አላስቆርብሽም! ሰማሽ? ነገ እዚያው እመጣለሁ። ማን እንደሆንሽ በሰው ፊት ተናግሬ አላስቆርብሽም!»

በሩን በእርግጫ መትቶ ሄደ። እቴቴ ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ወደ አፏ አስጠጋችና ትዝ ሲላት መለሰችው፤ በእጇ በጠሰችው። እኔ ግን ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቼ በሹክሹክታ እጸልያለሁ። «እመቤቴ ማርያም፣ ባሻን አበርቺልኝ። ባሻ ያሸንፍ። ዝናቡ እንዳያሳምመው።» አዎ፣ እንዲህ ብዬ ጸልያለሁ። እመቤታችን የልጅን ጸሎት ሁሉ እንዳለ ብትቀበል ኖሮ ይህች ከተማ ዛሬ ባልቆመች።

ጠዋት ጭጋጉ ጊዮርጊስን ግማሹን ውጦታል። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይይዛል። እቴቴ ነጩን ነጠላ ለብሳ፣ ፀጉሯን በነጭ ሻሽ ሸፍና፣ እጄን ይዛ ትራመዳለች። ቤተ ክርስቲያኑን ስንዞር ሴቶቹ ክርናቸውን ይነካካሉ። «የጠጇ አሰፉ አይደለችም?» «ራሷ ናት!» «ምን ልትሆን?» እሷ አንገቷን አልደፋችም። ይህን የማነ አልነገራችሁም። እያለቀሰች መጣች ብሏል። አላለቀሰችም! ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

በሴቶች በር በኩል አባ ወልደገብርኤል ቆመው ይጠብቁናል። አጠገባቸው ባሻ ዘገዬ፣ በወፍራም ካፖርት፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። የማነ ያየው ይህንን ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ቄስ አጠገብ የቆመ ትልቅ ሰው። ልጅ ነበርና፣ ደግ ሰው መሰለው። እኔም ደግ ሰው መስሎኝ ነበር። ልቤ በደስታ መታ። መጣልን!

«አባ» አለ ባሻ፣ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ «ይህችን ሴት ሊያቆርቧት ነው? ይህች ሴት የእኔ ናት። በቤቴ ያለች፣ በእጄ ያለች ሴት ናት። በሥጋ ወደሙ ልትቀልድ ነው የመጣችው።»

ሰዉ ተንሾካሾከ። አባ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ምን ትያለሽ ልጄ?»

«ያልኩትን ብያለሁ አባቴ። ለእርስዎ የነገርኩትን አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

«ቃሏን ትሰማላችሁ!» አለ ባሻ። «ጠጅ ሻጭ ምን ይሳናታል? ልጅ አትዋሽም፤ ልጅቷን ይጠይቁልኝ። ነይ የሺ፣ አትፍሪ። እኔ ስመጣ ኮፍያዬን የት ነው የምሰቅለው?»

ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

«ከእቴቴ አልጋ በላይ ካለው ምስማር ላይ።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች አንዷ። ሌላዋ ልጇን ወደ ጀርባዋ ሳበች፣ እንደሚጋባ በሽታ። ባሻ ኮፍያውን ጭኑ ላይ መታ መታ አደረገ። የእናቴ እጅ በእጄ ውስጥ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ፤ ግን አልጨመቀኝም፣ አልቆነጠጠኝም።

አባ ወልደገብርኤል ጉልበታቸውን አጥፈው እኔ ቁመት ላይ ደረሱ። ሳላቸውን ዋጡ። መስቀላቸውን እፊቴ አደረጉና ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«መቼ ነው ልጄ?»

ይኸውላችሁ። «ትናንት» ብል አለቀ። እቴቴ አትቆርብም፣ አትሞትም፣ ቤታችን እንገባለን፣ አስካለ ትመለሳለች፣ ከረሜላውም ይመለሳል። እውነቱን ብናገር እናቴን በገዛ አፌ ገደልኳት። ቀና ብዬ አየኋት። እሷ እኔን አታይም፤ በሩን ነው የምታየው። «ያየሽውን ተናገሪ የሺ» አለች።

መልአክ አናገረሽ ወይ ይሉኛል፣ ይህን የነገርኳቸው ጥቂት ሰዎች። መልአክ አላየሁም። እኔን ያናገረኝ ንዴት ነው። ባሻ «የእኔ ናት» ማለቱ ነው ሆዴ ውስጥ የቀረው። ያድናታል ብዬ ስጸልይለት አድሬ፣ ለካ ሊወስዳት ነው! እሷ የእኔ ናት። እኔ ነኝ አልጋዋ ላይ የምተኛው። እኔ ነኝ ትንፋሿን የማውቀው። ብትሞትም የእኔ እሬሳ ናት እንጂ የእሱ አይደለችም!

«ድሮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ከዐቢይ ጾም በፊት ነው! አሁን ምስማሩ ላይ የእኔ ቀሚስ ነው የተሰቀለው። አልጋው ላይም የምተኛው እኔ ነኝ። እሱ ባንኮኒ ጋ ጠጥቶ ይሄዳል። ትናንት ክፈቺ ሲላት አልከፈተችለትም፣ ዝናብ ሲመታው ነበር። በሩንም በእግሩ መታው!» ትንፋሽ ወሰድኩ። «ግን አባ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ አያቁርቧት! ትሞትብኛለች!»

አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ቆራቢ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። «አንቺዬ! እኔ ስቆርብ ዘመኔን ፈጀሁ፤ ሞት የት አለ?» ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ያ ሴቶቹ ውስጥ የነበረው ነገር በሳቁ ተበተነ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ ያ ነጭ ነጠላ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ለዚህ ነው ማሩን ያመጣሽልኝ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«የኔ ሞኝ። የኔ ሞኝ» አለች።

አባም ቀጥ ብለው ቆሙና፣ «ባሻ፣ ምስክር ቆጥረዋል፤ ምስክርዎን ሰምተናል» አሉት። «ከበሩ ገለል ይበሉ፤ ሰው ይግባ።»

እንዲህ ነው የመሰከረላት፣ መምህር የማነ። ኮፍያውን ደፍቶ፣ ከጭቃው ጋር እየታገለ ወጣ። ምስክርነቱ ጀርባው ነው።

ውስጥ ገባን። ሕፃናቱ ቀደምን። አፌን ግጥም አድርጌ ዘጋሁ፤ እኔ ካልቀደምኩ እሷ አትከተልም ብዬ። እቴቴ ከኋላዬ ጎንበስ ብላ «ክፈቺ» አለችኝ፤ ሰካራሙን በር የምታሳይበት ድምፅ ነው፣ ከፈትኩ። ከዚያ እሷ ቀረበች። ከአሮጊቶቹ ሁሉ በአንድ ክንድ ትረዝማለች። ነጭ ሻሿ ሸርተት ብሎ ግንባሯ ላይ ያ ጥቁር ፀጉሯ ወጥቶ ነበር። ተቀበለች። በነጠላዋ አፏን ይዛ፣ ቃል ሳትናገር፣ መቁረሪያው ውሃ ወደሚጠጣበት ሄደች። በቃ፣ ጀመራት አልኩ፤ መጀመሪያ የሚሄደው ድምፅ ነው። የቆረበ ሰው አፉን ይዞ ዝም የሚለው ለክብሩ እንደሆነ አስረድቶኝ የሚያውቅ አልነበረም።

አልሞተችም። ያን ያህል ኖራ ኖራ፣ እኔ የልጅ ልጅ ታቅፌ ነው የቀበርኳት። ወደ ጠጅም፣ ወደ ባሻም አልተመለሰችም።

ተአምር ወረደላት ብሎ የሚያወራ ካለ ግን ውሸቱን ነው። ባሻ በዚያው ሳምንት አስወጣን። አልጋውን ለሁለት ተሸካሚ አሸክመን፣ በዝናብ፣ ሰፈሩ እያየን ወረድን። መይሙና በርበሬ የምታከማችበትን ጓዳ ጥግ ለቀቀችልን። «እስክትነሺ ድረስ ነው፤ እዚህ ቁርባን የለም፣ ማስነጠስ ብቻ ነው» አለች። ጦማችንን የዋልንበት ቀን ነበር፤ ለጽድቅ ያልሆነ ጦም። እናቴ ከጠጅ ቤት ይዛ የወጣችው የማር ሰፈፍ ነበር፣ ከየጠጁ ላይ እየገፈፈች ስታጠራቅመው የኖረች። አቀለጠችው፣ አጠራችው፣ የጥጥ ክር እየነከረች ጧፍ ሠርታ ትሸጥ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ጧፎች እንደ እባብ የተጣመሙ ነበሩ። በርበሬ ጓዳ ስለዋሉም ሲበሩ ዲያቆኑን በሳል ይጨርሱት ነበር። «አሰፋች፣ ዛሬም በሚጥሚጣ ቀደስን» ይሏት ነበር አባ፣ እየሳሉ። እሷም «ዲያብሎስ በዚያው ይሩጥ አባቴ» ትላቸዋለች። እጇ በሰም ተቃጥሎ ተላጠ። ማታ ማታ ያንን የተላጠ እጇን ዘርግታ፣ «እመቤቴ፣ አልከፈትሽም ገና፤ እኔ እንደሆንኩ ከበሩ አልነሣም» ትላታለች። እምነት የሚባለውን እኔ ያወቅሁት እዚያ ነው፤ በርበሬው መሐል፣ ሆዴ ባዶ ሆኖ። ዝም ብሎ መቀመጥ እንዳይመስላችሁ። ከበር አለመነሣት ነው።

እኔ ግን ገና እጠብቅ ነበር። ትልልቆቹ ስቀው ነው የነገሩኝ፤ ትልቅ ሰው ደግሞ ሲዋሽ ይስቃል። ስትተኛ ደረቷን አያለሁ። ስታስል እነሣለሁ። አንድ ቀን፣ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ፣ እሷ ክሩን እየነከረች ቀና ስትል ትክ ብዬ ሳያት ያዘችኝ።

«ምንድን ነው እንዲህ የምታፈጪብኝ?»

«መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«የምትሞቺው።»

እጇ ሰሙ ላይ ቆመ። «አንቺ ልጅ፣ አሁንም አልለቀቀሽም? አልሞትም አልኩሽ እኮ።»

«ማይልኝ። ማርያምን በይ።»

«ቆራቢ አይምልም የሺ።»

ድሮ ለሰካራም ሁሉ ትምል ነበር! በጠጁ፣ በማሩ፣ በጊዮርጊስ፣ በሚካኤል ስትምል ነው ያደግሁት። ለእኔ ሲሆን አይቻልም ተባለ። ከበርበሬው ጆንያ ላይ ወርጄ፣ እፊቷ ቆሜ፣ መሬቱን በእግሬ መታሁት።

«መማል ካልቻልሽ ኑሪልኝ!»